ሳጥኑ የጻፈው ስም

ለወንድሜ ለወንድዬ፣ ካርቱም።

ጥፋተኛው ይስማው ነው። ባሌ ይስማው። ከሰላምታዬ በፊት ስሙን ያስቀደምኩት፣ አንተ ደብዳቤ ስታነብ መሐል ላይ እንደምትሰለች ስለማውቅ ነው። ሌላው ሁሉ ቢያመልጥህ ይህቺ አትለፍህ።

አሁን ሰላም ልበልህ። እንዴት ከርመሃል? ያ መኪና ሥር እየተጋደምክ ያመጣኸው የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ብለህ ነው የምትሄደው? ባለቤትህ ወንጌል እንዴት ናት? ወባዋ ተመልሶባት እንዳይሆን። ይርዳው ጥርስ አወጣ ብለኸኝ ነበር፤ ይኸኔ በእግሩ መሄድ ሳይጀምር አይቀርም። እኔ ቆሜ ስሄድ ለሚያየኝ ሰው ደህና ነኝ። ሰሊጡም ዘንድሮ ደህና ነው፤ ዝናቡ በጊዜው ስለወጣ ታስሮ የቆመው የሰሊጥ ነዶ፣ ሂላው፣ ሳይረጥብ ተራገፈ። ሕመሜ ከሆዴ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እህል ወደ አፌ ባቀረብኩ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደሜን አይተውታል፤ ወባም ታይፎይድም የለብሽም አሉኝ። ምን እንዳለብኝ እኔ አውቀዋለሁ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ደወልኩልህ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንተ፣ እትዬ፣ የዚያችን ልጅ ነገር ካነሳሽ ስልኩን እዘጋዋለሁ አልክ፤ ዘጋኸውም። ወረቀት ግን አፉ አይዘጋም፤ ብትጥለውም ተነሥቶ ይነበባል። ስለዚህ ለሾፌሩ ለአብዱረሕማን በእጁ አስይዤልሃለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሠኝ። በሃምሳ አራት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ። ያስቆጠረችኝም እኔ ዘንድ ትተሃት የሄድከው ያንተው ልጅ ትሕትና ናት፤ ከትምህርት ቤት በምታመጣው ስብርባሪ ጠመኔ የጓዳው በር ላይ እየጻፈች። ይህን አስበህ አንብብ።

መስከረም ላይ ሁለት ነገር ላክህልን። ለትሕትና አዲስ ስልክ፣ ለቤቱ ደግሞ ያን ነጭ የኢንተርኔት ሳጥን። ልጄ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች፣ ትምህርቷን ታውርድበት፣ ግን ብልግናው እንዳይገባ ማጣሪያ ይደረግበት አልክ። ይስማው ካንተም ባሰ። ጎረቤቱን ሰብስቦ፣ እዚህ ቤት ርኩሰት በበርም በአየርም አይገባም ብሎ ሲናገር ሰምቼ ኮርቼበት ነበር። እኔ ሞኟ! የትሕትናን አሮጌ ስልክም ያን ሰሞን እሱ ወሰደው፤ የራሱ ስልክ ከትራክተር ላይ ወድቆ ጎማ ሄዶበት ነበርና።

ማጣሪያውን የሠራችው መጂዳ ናት፤ ኬላው አጠገብ ስልክ የሚጠግኑት የሐጂ መሐመድ ልጅ። ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እማማ፣ ሳጥኑ በር ነው፣ ማጣሪያው ዘበኛ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ደብተር አለው፤ የትኛው ስልክ ምን እንደከፈተና በስንት ሰዓት እንደከፈተ ይጽፋል ብላ አስረዳችኝ። የሚስጥር ቁጥሩን ይስማው በኪሱ ያዘ። ስለ ደብተሩ ስትናገር ግን እሱ ገበያ ወጥቶ ነበር። ያን አለመስማቱ ነው ጉዱን ያወጣው።

በመጀመሪያው ሳምንት ዘበኛው አበደ። የሰሊጥ ዋጋ የሚነገርበትን ገጽ ዘጋው፤ ከጎኑ የቁማር ማስታወቂያ አለበት ተባለ። የትሕትናን የባዮሎጂ ትምህርት ዘጋው፤ የሰው አካል ስሙ ተነሥቷል ብሎ። ልጅቷ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ እትዬ፣ ሳጥኑ መነኮሰብን አለችኝ። መጂዳ ተመልሳ ላላ አደረገችው። ሰሊጥ ስናበጥር እንደምናየው ነው፤ የወንፊቱ ዓይን ሲሰፋ አሸዋውም አብሮ ይወርዳል። እኛ ግን ትምህርቱና ዋጋው ስለተከፈተልን ሌላውን አላሰብነውም።

ጥቅምት ላይ የወሩ ኢንተርኔት በአሥራ ሁለት ቀን አለቀ። አንተ ደውለህ፣ መዝገቡን ክፈቱና ማን እንደጨረሰው እዩ አልክ። የከፈተችው ራሷ ትሕትና ናት፤ ከእሷ ሌላ የሚችል ማን አለ? ይስማው ቁጥሩን ሰጣት፤ ምን እንደሚወጣ አላወቀም። ገጹ ሲከፈት ሁሉም በእንግሊዝኛ ነበር፤ አንድ ስም ብቻ በእኛ ፊደል። ልጅቷ አሮጌ ስልኳን በራሷ ስም፣ በአማርኛ ሰይማው ነበር፤ ስሙ የአሮጌው መሆኑ ግን በድንጋጤው ለእሷም ለእኔም አልታየንም። ያ ስም አርባ ጊዜ ተጽፏል፤ አጠገቡ ስሙን ወረቀት ላይ የማላሰፍረው ነገር። ትሕትና፣ እኔ አይደለሁም፣ እትዬ፣ እግዜር ያውቃል እኔ አይደለሁም አለች። እኔ ያን ጊዜ የይስማውን ፊት አየሁ። መጀመሪያ አመድ መሰለ። ስሙን ሲያነብ ደግሞ በራ። ያን መብራት ቁጣ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

እሑድ ሽማግሌ ጠራ። አያ ጀምበሩ መጡ፣ ሌሎችም ሁለት መጡ። ልጅቷን ከበሩ አጠገብ አቆሟት። ይስማው የሳጥኑን መዝገብ በልጅቷ በአዲሱ ስልክ ከፍቶ ለእኔ ሰጠኝ። አንቺ ፊደል ቆጥረሻል፣ አንብቢላቸው አለኝ። ወንድዬ፣ ራሱ ማንበብ የሚችል ሰው ነው፤ እስከ ስምንተኛ ተምሯል። እኔን ያስነበበኝ እጁን በእኔ እጅ ሊታጠብ ነው። ከዚያ ሁሉ የፈረንጅ ጽሑፍ ማንበብ የቻልኩት አራት ፊደልና ቁጥሩን ነው። ትሕትና፣ አሥር ሰዓት ከሩብ። ትሕትና፣ አሥር ሰዓት ተኩል። እያልኩ፣ እየጎተትኩ፣ እሷው ባስተማረችኝ ፊደል እሷኑ ከሰስኳት። አሥር ሰዓት ማለት ልጅቷ ከትምህርት ቤት ገብታ ብቻዋን ደብተሯን የምትይዝበት ጊዜ ነው። አያ ጀምበሩ፣ በቃ፣ ሰዓቱም መሰከረ አሉ።

አንተ በስልክ ፈረድክ። ከትምህርት ቤት አስወጧት፣ ሽንፋ የእናቷ እኅት ዘንድ ትሂድ አልክ። አዲሱን ስልክ የላክህላት አንተ አይደለህም? አሮጌው የት ገባ ብለህ አንድ ቃል ለምን አልጠየቅህም? ይስማው በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄዶ ፈርሞ አስወጣት። አዲሱን ስልክ ነጥቆ አጥፍቶ የልብስ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ልጅቷ መኪና ስትሳፈር ዓይኔን አላየችም። እኔም ዓይኗን አልፈለግሁም፤ አምኜ ነበርና። ይህንንም ጻፍኩልህ፤ ንጹሕ ነኝ አልልህም።

ኅዳር መጨረሻ ኢንተርኔቱ እንደገና በአሥር ቀን አለቀ። ይስማው፣ ልጅቷ ሳጥኑን አበላሽታው ሄዳለች አለ። እኔ መጂዳን ጠራኋት፤ አጥብቂው፣ ከፈለግሽም ጠርቅመሽ ዝጊው አልኳት። ቁጥሩን እሷው ታውቀው ነበር። መዝገቡን ስትከፍት ከጎኗ ተቀምጬ አየሁ። ትሕትና ይላል፤ ትናንት ይላል። መጂዳ ልጅቷ የት ናት አለችኝ። ሽንፋ ናት አልኩ። ስልኳስ? አለች፤ የልብስ ሣጥን ውስጥ ጠፍቶ ተቆልፏል አልኳት። መጂዳ፣ እማማ፣ ይህ ሳጥን አይዋሽም፣ ግን ሞኝ ነው፤ ስልኩን በተሰየመበት ስም ነው የሚጠራው፤ ማን እንደያዘው አያውቅም አለች። ቀጥላም፣ ሰዓቱን እንዴት ነው ያነበባችሁት? አለችኝ። እንደተጻፈው አልኳት። ራሷን ያዘች። የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ እማማ፤ አሥር ማለት የእኛ ጠዋት አራት ነው አለች።

ጠዋት አራት ሰዓት ትሕትና ክፍል ውስጥ ናት። ጠዋት አራት ሰዓት እኔ ገንዳ ውሃ መንገድ ላይ ካለው መጋዘን ከሴቶቹ ጋር ሰሊጥ አበጥራለሁ፤ አቧራው አፍንጫዬን እየደፈነው። ጠዋት አራት ሰዓት ወገቤን ብሎ ቤት የሚውለው አንድ ሰው ነው። ባንክ ቤት እየተመላለሰ የፈረንጅ ሰዓት የለመደውም እሱ ነው። ሽማግሌ ፊት አሥር ሰዓት ብዬ ስሳሳት ሰምቶ ዝም ያለውም እሱ ነው።

መጂዳ ግን በግምት አልፈርድም አለች። ክፍት ከሆነው ስልክ ስም አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል፤ በትሕትና ስም አጠገብ ነጥቡ በርቶ ነበር። መጀመሪያ የእኔን ስልክ አጠፋች፤ ነጥቡ አልጠፋም። የራሷን አጠፋች፤ አልጠፋም። ይስማው ግቢው ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ተቀምጧል። አባባ፣ ስልክዎን ለአንድ ደቂቃ ቢያውሱኝ አለችው። ፊቱ ተለዋወጠ። የሽማግሌ ስልክ የሴት መጫወቻ ነው እንዴ! ብሎ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። በሩን ሲያልፍ፣ ጥቂት እንደራቀ፣ ነጥቡ ጠፋ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ገጹን እናያለን። ለካ ከዘራውን ረስቶ ኖሯል፤ ተመልሶ መጣ። ነጥቡም አብሮት መጣ። ከዘራውን ይዞ ሄደ፤ ነጥቡም ሄደ። መጂዳ፣ እማማ፣ አዩ? አለችኝ። አየሁ አልኩ። የጓዳውን በር ይዤ አስመለሰኝ።

ሲመለስ ስልክህ ስሙ ትሕትና ነው አልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት አንቱ ያልኩትን ሰው አንተ አልኩት፤ እዚህም እሱ እያልኩ ስጽፍ አንብበሃል። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ስሟን ሳታጠፋ ስልኩን የሰጠችኝ እሷ ናት፤ ጥፋቱ የእሷ ነው! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰው ዕድሜው ስልሳ ሦስት ሆኖ ባየው ነገር ብቻ አልተጸየፍኩትም። ያንን ንስሐ ያጥበው። የተጸየፍኩት ልጅቷ በር አጠገብ ቆማ ስታለቅስ፣ ያ ስልክ እዚያው ደረት ኪሱ ውስጥ ሆኖ፣ ጸባይሽን አርሚ ብሎ የመከራት ምክር ነው።

አያ ጀምበሩ ዘንድ ሄድኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎሮሯቸውን ጠርገው፣ የቤት ገመና ነው፣ ጥሩአየሁ፣ ልጅ ልጅ ናት፣ ነገ ትዳር ስትይዝ ይረሳል፤ የሽማግሌ ስም ግን አንዴ ከወደቀ አይነሣም አሉኝ። የሴት ልጅ ስም ነፋስ የሚወስደው ገለባ ነው ወይ አባቴ? አልኳቸው። ወደ መቁጠሪያቸው ዞሩ። እዚያም ቤት ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩም።

አሁን አንተ ላይ ነው የቀረው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ፎርም የሚሞላው እስከ ጥር አሥር ነው። ትምህርት ቤቱ ሄጄ ለመንኳቸው፤ ያስወጣት ሰው ፈርሟል፣ የሚመልሳት የአባቷ ደብዳቤ ብቻ ነው አሉኝ። ስለዚህ ሁለት ወረቀት ጻፍ። አንዱን ለትምህርት ቤቱ፤ አጭር ይሁን፣ ልጄን መልሱልኝ ይበል። ሁለተኛውን ለትሕትና፤ እሱ አጭር አይሁን። ማረኝ፣ ልጄ፣ ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ በላት። አባት ልጁን ማረኝ አይልም እንዳትለኝ፤ እኔ ብያታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሽንፋ ሄጄ፣ በእናቷ እኅት በአትክልት ቤት ደጃፍ ሰሊጥ ስታሰጣ አገኘኋት። ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ስል ይዛ አነሣችኝ። እትዬ፣ አሁንስ ሰዓቱን ማንበብ ቻልሽ? ብቻ አለችኝ። ሳቀችም አለቀሰችም አልልህም፤ ሁለቱንም ይመስል ነበር። አብዱረሕማን ካርቱም የሚያድረው ሁለት ቀን ነው፤ ወረቀቶቹን ሳትሰጠው እንዳትሸኘው።

ስለ ሳጥኑ አትጨነቅ፤ አሁን ይሠራል። መጂዳ የሚስጥር ቁጥሩን ለውጣዋለች፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የይስማው ስልክ እንዳይገባ ተዘግቶበታል። የባዮሎጂው ትምህርት ተከፍቷል። ልጅቷ ስትመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

ወንጌልን በጣም አድርገህ ሳምልኝ፤ ክኒኗን እስከ መጨረሻው ትዋጠው በላት። ይርዳውን ግንባሩን ሳምልኝ፣ አክስቱ ሱሪ እየሰፋችለት ነው። ሐጂ መሐመድና መጂዳ ሰላም ብለውሃል። አትክልት ከሽንፋ ሰላም ብላሃለች፣ ቅያሜዋ ግን አልወጣላትም። ትሕትና ሰላምታ አላከችም፤ አልጠየቅኋትም። ይስማው፣ ይህን ስጽፍ በበሩ በኩል ሲያልፍ፣ ለወንድዬ እንደ ልማዳችን ሰላም በይልኝ አለ። እስከ ዛሬ በላክሁልህ ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻው ላይ ‹ይስማው እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል› የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ያለውን እንዳለ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ከእንግዲህ የእሱን ቃል በእጄ አልጽፍም።

እኅትህ ጥሩአየሁ
መተማ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ ፳ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም.