ሳይጠራ የቀረ የበኩር ልጅ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለወልደ ሐዋርያት ወርቅአገኘሁ፣
አሰብ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሃል? የአሰብ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? ወገብህስ? ጆንያ ስሸከም ወገቤን ያዘኝ ብለህ ከጻፍክ ወዲህ እናታችን ማታ ማታ የምትጸልየው ስለ ወገብህ ብቻ ነው፤ እኛን ረስታናለች። ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጁ ጥርስ አወጣ ወይ? እኛ ከጋዝጊብላ ብርድና ከአንተ ናፍቆት በቀር ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና ሁላችንም በእግራችን ቆመናል። እናታችን ደህና ናት። ባለቤቴ ወልደ ኢየሱስ ደህና ነው። ልጄ ማሬም አድጋለች፤ ግትርነቷ ቁርጥ አንተን ነው። ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ግን በክረምቱ መግቢያ ሞተብን። የዘንድሮውን እርሻ የቀረውን ከጎረቤት በሬ ጋር አጣምደን በመከናጆ እንደምንም ተወጣነው።

ደብዳቤህን ነጋዴው ሙሄዲን ከእነ ሻሹ አድርሶልኛል፤ እጅህ ይባረክ። እንደ ድሮው ዲያቆን ፍለጋ አልሄድኩም። በመሠረተ ትምህርቱ ፊደል ቆጥሬያለሁና ራሴ አነበብኩት፤ ራሴም ተናደድኩ። ለቅሶ እየዞሩ ሙሾ ማውረድ ሥራ አይደለም፤ ሥራ ማለት ደመወዝ ያለው ነው፤ የኪነት ቡድኑን ያዢ፣ እንቢ እንዳትዪ ብለሃል። ይህስ የወንድም ምክር ነው፤ አልቀየምህም። ከታች ግን ለጓድ ገብረ ኢየሱስ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ የይለፍ ወረቀቴን የጨረሰልኝ ባለውለታዬ ነው ብለህ ጨመርክበት። ስሙን እዚህ ላይ የጻፍኩት አንተ ስለጻፍከው ነው። ከዚህ በኋላ ከእጄ አይወጣም፤ ለምን እንደሆነ ስታነብ ትደርስበታለህ።

ሙሾ ማውረድ እወዳለሁ ብል ሰው ይስቅብኛል። ሞት ወዳድ ናት ይሉኛል። ሞትንስ ማን ይወደዋል? እኔ የምወደው ሌላ ነው። ሰው ሲሞትበት ሐዘኑ ጉሮሮው ላይ ይቆምበታል፤ ወዴት እንደሚያደርገው አያውቅም። እኔ ከጎረቤት ጠይቄ፣ ሟቹ ምን ይወድ እንደነበር፣ በምን ይቆጣ እንደነበር ሰምቼ ቃል አወጣለሁ። ቃሉ ልክ የሆነ እንደሆነ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲፈነዳ እሰማዋለሁ። ያን ጊዜ ድካሜም ችግሬም ይጠፋኛል። የሚሰጡኝ አንድ ቁና ገብስ ነው፤ አንዳንዴም ንፍሮና ምርቃት ብቻ። ሆኖም ለቅሶ ውዬ ቤቴ ስገባ ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀልሎኝ ነው።

ኪነቱ ደግሞ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ አለው። ካኪ ልብስ አለው፣ ሸራ ጫማ አለው፣ ዘይትና ስኳር ያለ ሰልፍ ያስገኛል። ድምፄን በለቅሶ ላይ ሰምተው ነው የፈለጉኝ። አንድ ቀን ሰቆጣ ወጥቼ ልምምዳቸውን አየሁ። ልጆቹ ድምፅ አላቸው፣ አልዋሽህም። የሚዘፈነው ግን በወረቀት ተጽፎ ይመጣል፤ አንድ ቃል ማንሳት የለም፣ መጨመር የለም። እኔንም ስለ ትራክተር አስዘፈኑኝ። በዋግ ገደል ትራክተር ሲያርስ ያየ ሰው ካገኘህ ላክልኝ፤ ሲሞት ሙሾውን በነፃ አወርድለታለሁ። ይሁንና በሬ የሞተበት ቤት አይመርጥም። ወልደ ኢየሱስም ደመወዙ ተጠራቅሞ በሬ ይሆነናል አለ። እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። የኪነቱ ኃላፊ ማን እንደሆነ እያወቅሁ ነው እንግዲህ፤ ያ ያንተ ባለውለታ ነው።

አባታችን እንዴት እንደተቀበረ ማንም ጽፎልህ አያውቅም። ታሞ ዐረፈ ብለን ነው የላክንብህ፤ ደብዳቤ በስንት ሰው እጅ ያልፋልና ፈራን። ይህን ግን ሙሄዲን በእጁ ያደርስልሃል፤ ስለዚህ እውነቱን ስማ። አባታችን በስብሰባ መሀል ተነሥቶ፣ ለመዋጮ ያዋጣነው እህል የት ገባ ብሎ ጠየቀ። ሌላ ጥፋት የለውም። ሊቀ መንበሩ ያ ሰው ነበርና አሳሰረው። ሲለቀቅ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልን፤ ብዙም አልቆየ።

በቀብሩ ቀን ያ ሰው ጠመንጃ የያዙ አስከትሎ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመ። ለጸረ አብዮት ዕንባ አይፈስም፣ ድምፁ የተሰማ ሁሉ ይከተለዋል አለ። ለስንቱ ባዕድ ሙሾ ያወረድኩት ሴት ለገዛ አባቴ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ቆምኩ። ይሰማ የነበረው የአካፋው ድምፅ ብቻ ነው። የእናታችን ዓይን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደርቆ ቀረ። ጭስ እንኳ አያስለቅሳትም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ደህና ናት ብዬ ስጽፍልህ ይህን ደብቄህ ነው።

በዚያን ቀን ደጃችንን የረገጠች አንዲት ሴት ናት፤ እትዬ ጥሩሐረግ፣ የዚያው ሰው እናት። ሲመሻሽ ንፍሮ በነጠላዋ ሸፍና በጓሮ በኩል ገባች። ከእናታችን አጠገብ ተቀመጠች፤ የልጇን ነገር አላነሣችም፣ ይቅርታም አልጠየቀች፤ እጇን ብቻ ይዛት ቆየች። ከዚያም ወዲህ ከቤቷ እሳት ሳንጭር፣ እርሾ ሳንዋስ የዋልንበት ቀን ጥቂት ነው። መልካም ሴት ነበረች፤ ለዚያ ማኅፀን አዝናለሁ።

እንግዲህ በጥቅምት መጨረሻ እትዬ ጥሩሐረግ ዐረፈች። ያ ሰው ከሰቆጣ በመኪና ደረሰ። ደረት መድቃት ኋላ ቀር ልማድ ነው እያለ በየስብሰባው ሲያስተምረን የኖረ ሰው፣ ለእናቱ ሲሆን አገር የሚሰማው ለቅሶ አማረው። አለቆቹ አብረውት መጥተዋልና እንዲያዩለት ፈለገ። ወዲያው ሰው ላከብኝ። እናትነሽ ካላወረደች እናቴ እንደተለቀሰላት አልቆጥረውም አለ። ለቅሶውን ካሳመርሽልኝ ከሰኞ ጀምሮ ደመወዝተኛ ነሽ አለ። ለአባቴ ያደረገውን ረስቶት ይሁን ወይም የረሳሁት መስሎት ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እሺ አልኩ። ለእትዬ ጥሩሐረግ ማንም ባይጠራኝም እሄድ ነበር።

ልማዳችንን የአሰብ ፀሐይ አስረስቶህ እንደሆነ ላስታውስህ። ሙሾ አውራጇ የሟችን ልጆች ከታናሽ ጀምራ በየስማቸው ትጠራለች። ያልተጠራ ልጅ መሀል አይገባም፤ ዳር ቆሞ ስሙን ይጠብቃል። የተጠራው ገብቶ ደረቱን ሲመታ ሕዝቡ ያለቅስለታል፤ ሐዘንተኛ መሆኑ የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው። የበኩር ልጅ የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለቅሶው የሚግለው እርሱ ሲገባ ነውና።

የእትዬ ጥሩሐረግን ቀሚስ ተሸክሜ መሀል ገባሁ። ለእርሷ ምንም አልሰሰትኩም፤ እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

እሳቱን ስንጭር ከእርሷ ቤት ነበረ፣
ምድጃው ምን ነካው ጭሱ ወዴት ቀረ።

ከእርሷ ቤት እሳት ያልጫረ ጎረቤት የለምና ሴቶቹ ወዲያው ተንሰቀሰቁ። ታናሹን ልጅ ጠራሁት፤ ገባ። ሴቶቹን ልጆቿን ጠራኋቸው፤ ፀጉራቸውን እየነጩ ገቡ። ያ ሰው ካፖርቱን አውልቆ፣ ነጠላውን አደግድጎ ዳር ቆሟል። ቀጥሎ እንደሚጠራ ያውቃልና አንድ እግሩን አስቀድሟል። ዓይን ለዓይን ተያየን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጠራው ነበር ያሰብኩት፤ እውነቴን ነው፣ በሬው ትዝ እያለኝ ነበር። ያ የቀደመው እግሩ ግን በአባታችን ቀብር ቀን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ የነበረው እግሩ ነው። ቀሚሱን ከፍ አደረግሁና እንዲህ አልኩ፦

ያለ ዕንባ የሄድከው አባ ወርቅአገኘሁ፣
የአራት ዓመት ለቅሶ ይዤልህ መጣሁ።

ተቀባዮቹ እንኳ አፋቸው ተያዘ። ከሴቶቹ መሀል እናታችን ተነሣች። ማንም ሳይደግፋት፣ ዱላዋን ጥላ መሀል ገባች። ደረቷን መታች፤ ደግማ መታችና ጮኸች። ወልዴ፣ ያን ጩኸት እንዴት አድርጌ ልጻፍልህ? ዕንባዋ ሲወርድ አየሁት። ያን ጊዜ ሕዝቡ ፈነዳ። አባታችንን አቀርቅረው የቀበሩት ወንዶች ሁሉ የዋጡትን አወጡት። ስሙን እየጠሩ አለቀሱለት፤ ጥያቄውን ሳይቀር እያነሡ አለቀሱለት።

ያ ሰው ምን ያድርግ? በእናቱ ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇን ዝም በይ ያለ ልጅ በዋግ ምድር ፊቱን የት ያገባዋል? ከሰቆጣ የመጡት አለቆቹ ነገሩ አልገባቸውም፤ የሟቿን ባል እያነሣሁ የማለቅስ መስሏቸው ከሰዉ ጋር አብረው አለቀሱ። አንደኛው መሐረብ አውጥቶ ለአባታችን ዓይኑን ሲጠርግ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ያ ሰው ግን አንድ እግሩን እንዳስቀደመ ቀረ። እስክትቀበር ድረስ ስሙን ጠበቀ። የበኩር ልጅ ሳይጠራ እናቱ ተቀበረች።

ደስ አለኝ። አልደብቅህም፣ በጣም ደስ አለኝ። የንስሐ አባቴ በቀል የእግዚአብሔር ነው ብለው ገሠጹኝ። እኔም ሰይፍ አላነሣሁም፣ አንድ ስም ነው ያልጠራሁት አልኳቸው። ንስሐ ግቢ አሉኝ። እሺ አልኩ፤ መቼ እንደምገባ ግን አልነገርኳቸውም።

ያሳስርሻል ብለህ እንዳትሰጋ። ምን ብሎ ነው የሚያሳስረኝ? በለቅሶ ላይ ስሜን አልጠራችም ብሎ ይከሰኝ? ያን ያለ ዕለት ያልሰማው ሁሉ ይሰማለታል። ይልቅስ ባለፈው ሳምንት መልእክተኛ ላከብኝ። ተዝካሩን ሊደግስ ነው፤ ተዝካርም ኋላ ቀር ነው ይል እንደነበር ታስታውሳለህ። መጥቼ የቀረውን እንድሞላለት ይፈልጋል። አንዴ ብቻ ስሙን ከጠራሁለት የኪነቱ ሥራ የእኔ ነው፤ ደመወዙም ከቀድሞው ይበልጣል፤ ወልደ ኢየሱስም መጋዘን ጠባቂ ይሆናል። አይፈረድበትም፤ በገበያ ሲያልፍ ሳይጠራ የቀረው መጣ እያሉ ይጠቋቆሙበታል፤ እንዲያ ካሉ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። መልእክተኛውን ገብስ ቆሎ አብልቼ፣ የለሁበትም ብዬ ሸኘሁት።

ሥራ ማለት ደመወዝ ያለው ነው ላልከኝ መልሴ ይኸው ነው። አንተ የምትወዳቸውን ቀፎዎች ለጎረቤት ትተህ ጆንያ ልትሸከም የወረድክ ሰው ነህና አልፈርድብህም፤ ቸግሮህ ነው። እኛም ይቸግረናል። በአንድ በሬ የሚመጣው ክረምት እንደሚከብደን አውቃለሁ። ማሬም ሸራ ጫማውን ስትጠብቅ ከርማ አኩርፋኛለች። ወልደ ኢየሱስ፣ መከናጆው ዘንድሮ ካወጣን ለከርሞም ያወጣናል ብሎ ማጭዱን ይዞ ወጣ። ኪነቱ ብገባ ጽፈው የሰጡኝን ነው የምዘፍነው። እዚህ ግን ማንን እንደምጠራ የማውቀው እኔ ነኝ። ይህን በምን ደመወዝ ልለውጠው?

በል እንግዲህ፣ እናታችን ጉንጭህን፣ ዓይንህን፣ ያን የታመመ ወገብህን ሳሚልኝ ብላለች። አሁን ሽንኩርት ስትከትፍ እንደ ሰው ታነባለች። ወልደ ኢየሱስ ሰላም ብሎሃል፤ ንቦችህ አልተሰደዱም፣ ማራቸውንም ጎረቤት እየቆረጠ ነው ብሏል። ማሬ ኩርፊያዋ እስኪወጣላት ሰላም አልልም ብላለች፣ ግን ብላሃለች። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጁን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ፤ የአያቱንም ስም አስተምረው። ለዚያ ሰው የላክኸውን ሰላምታ ግን አላደረስኩም፣ አላደርስምም። አንተም አባትህን ገና አላለቀስከውምና ሰላምታህን መልሼልሃለሁ፤ ለእርሱ አድርግለት።

እህትህ እናትነሽ ወርቅአገኘሁ
ጋዝጊብላ፣ ዋግ
ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.