በግራ በኩል የጮህኩት

ኅዳር 8 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ደብተሬ፣ ትናንት አልጻፍኩብሽም። ከፈትኩሽ፣ መልሼ ዘጋሁሽ። እንዴት እንደምለው አላውቅም።

እኔ ነኝ የጮህኩት።

በቃ፣ ጻፍኩት። አሁን ከት/ቤት መጥቼ፣ ውሃ ቀድቼ፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ሥር ተቀምጫለሁ። እናቴ ጎደሬ ትልጣለች። ምንም አታውቅም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጨዋታው የእኛ የታችኛው ቀበሌና የላይኛው ቀበሌ ነው። ሜዳው ያው የአውሮፕላን ማረፊያው ነው። ዳኛው ጋሽ ደምሴ፣ የማረፊያው ዘበኛ። ድሮ ወታደር ነበሩ። አውሮፕላን ሲመጣ ሰውንና ከብቱን ከሜዳ የሚያስወጡት እሳቸው ናቸው። ከተማው ውስጥ ፊሽካ ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ዳኛም አደረጓቸው።

ዘንድሮ ሕጉን ቀየሩት። አምና አውሮፕላን ከመጣ ጨዋታው ይቆማል፤ አውሮፕላኑ ሲሄድ ኳሷ የነበረችበት ትቀመጥና ይቀጥላል። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ዘንድሮ የወጣት ማኅበሩ ስብሰባ ተቀመጠና ፊሽካ ከተነፋ በኋላ የገባ ጎል አይቆጠርም አለ፤ ኳሷ አየር ላይ ብትሆንም! ከዕረፍት በኋላ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ላም የነካችው ኳስም ድሮ ትደገም ነበር። አሁን ላሟ እንደ ተጫዋች ናት። ባለፈው በላም ጎል ገባብን። በላም! ጋሽ ደምሴ አጸደቁት። ደንቡ ነው አሉ። ያን ቀን ራት አልበላሁም፤ ሌላ ሰው እንደኔ የሚናደድ አይመስለኝም።

ትናንት አንድ ለአንድ ነን። አቻ ከወጣን አለቀልን፣ የሚያልፉት እነሱ ናቸው። ሊያበቃ ሲል ወንድሜ ታደሰ መታት። ኳሷ ገና አየር ላይ ሳለች ፊሽካ ተነፋ። ገባች። ጋሽ ደምሴ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። አውሮፕላን ማለታቸው ነው። ሁላችን ጆሯችንን አቆምን። ምንም የለም። እሑድ ደግሞ የአውሮፕላን ቀን አይደለም።

ታደሰ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ያኔ ከአፌ ወጣ፦ «በየትኛው ጆሮህ ሰማኸው? አንድ ጆሮ!»

እኔ! ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት የሚያቅተኝ። አንቱ የምላቸውን ሰው አንተ አልኩ።

ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ተቀበለው። «አንድ ጆሮ! አንድ ጆሮ!» እያጨበጨበ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ትናንት ግማሹን ደበቅኩ። ከአንቺም ደበቅኩ።

ጋሽ ደምሴ አንድ ጆሯቸው እንደማይሰማ ከተማው አያውቅም ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ። ክረምት ላይ ባለቤታቸው ወ/ሮ ወርቄ ስትወልድ፣ እናቴ ልብስ እንዳጥብላት ላከችኝ። ሰባት ቀን ተመላለስኩ። አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ ስጠራቸው ዝም ሲሉኝ አዘንኩ፤ የጠሉኝ መሰለኝ። ወ/ሮ ወርቄ አየችኝና ነገረችኝ። ምሥራቅ ጦር ግንባር መድፍ አጠገባቸው ፈንድቶ ግራ ጆሯቸው ጠፍቷል። «የኔ ልጅ፣ ከእናትሽ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለሰው እንዳትነግሪ። እንጀራችን ነው። የማይሰማ ዘበኛ ማን ያስቀምጣል? አንቺ ዝምተኛ ነሽ ብዬ ነው የነገርኩሽ» አለችኝ።

ዝምተኛ ነሽ ብዬ ነው።

ደግሞ አውሮፕላኑ መጣ። ይህንንም ትናንት ዘለልኩት። ሰዉ ሜዳው መሃል ቆሞ እያጨበጨበ ሳለ ከተራራው ጀርባ ድምፁ ወጣ። ማንም ሊንቀሳቀስ አልቻለም፤ ልጆች፣ ፍየሎች፣ የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ተደበላለቁ። አውሮፕላኑ ዝቅ አለ፣ መልሶ ወጣ። ሁለቴ ዞረ። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸው ወድቆ፣ ሰዉን በዱላ እየገፉ ከዳር ዳር ሮጡ። ከኋላቸው አሁንም «አንድ ጆሮ» የሚል ነበር። በሦስተኛው አረፈ።

ሁለት ሁለት ጆሮ ያለን ሁላችን ያልሰማነውን እሳቸው አውቀው ነበር።

ጎሉ ግን አሁንም ያንገበግበኛል። ማፈሬ አልበቃ ብሎ ይሄም አለ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ 10 ሰዓት

አውሮፕላኑ ማረፍ ያቃተው በስድቡ ሳቢያ ነው ተብሎ አስቴር ቀበሌ ተጠራች። ት/ቤት ከእኔ ጋር የምትቀመጠዋ አስቴር። ድምፀ መረዋ ናት፤ በማኅበሩ ኪነት ውስጥ ትዘፍናለች። በሚቀጥለው ወር ከኪነቱ ጋር አርባ ምንጭ ትሄዳለች። ጫማ ሁሉ ተበድራለች።

ስድቡን ማን እንደጀመረው ሲጠየቅ ሰዉ ሁሉ አስቴር ነች አለ። ሜዳ ላይ የሚጮህ ድምፅ የእሷ ብቻ ነዋ። እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ሰው ፊት ቆማ ግለ ሂስ ታደርጋለች። ከዚያ ከኪነቱ ትወጣለች።

ነገሩን ስትነግረኝ መጀመሪያ ስቃ ነበር። «እኔ ብሰድብ በአንድ ጆሮ እተዋለሁ እንዴ? እስከ ቅድመ አያቱ ነበር የምወርድለት! ያን ቀን እኮ ልሳኔ ተዘግቶ በፉጨት ብቻ ነበር የደገፍኩት» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። አለቀሰች። «አንቺ ድምፁ በወጣበት በኩል ነበርሽ። ማን እንደሆነ አላየሽም?»

አላየሁም አልኩ።

ደብተሬ፣ አላየሁም አልኩ። እጄንም ያዘችኝ። «አንቺማ ምን ታይያለሽ፣ አንገትሽን እንደደፋሽ ነው» አለችኝ።

ጋሽ ደምሴንም ጠይቀዋቸዋል። ታደሰ በመስኮት ሰምቶ ነገረን። ሊ/መንበሩ ማን ሰደበዎት ሲሏቸው፣ ጓድ ሊ/መንበር፣ የተጮኸው ከግራዬ ነው፣ በግራዬ አልሰማም አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ጸሐፊው ጻፈው። አሁን በወረቀት ገብቷል። ሰኞ ከአውሮፕላኑ ጋር ኃላፊ ይመጣል፤ ዘበኛው ይሰማ እንደሆነ አይሰማ እንደሆነ ሊያይ።

ታደሰ እየሳቀ ነው የነገረን። እናቴ አልሳቀችም። ወደ እኔ አየች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ቤታችን ውስጥ የጆሯቸውን ነገር የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ብትመታኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ

እናቴ ጎደሬ በቅርጫት ሞልታ ለወ/ሮ ወርቄ አድርሺ አለችኝ። ገበያውን አቋርጬ ሄድኩ።

ጋሽ ደምሴ ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ሜዳው ያያሉ። በግራቸው ደረስኩ። ሰላምታዬን አልሰሙም። ቆምኩ። ጥላዬን አይተው ዞሩ።

«በዚህ በኩል ነይ» አሉ፣ ቀኛቸውን እየመቱ። «ለአንቺ ድምፅ ይሄኛውም መብቃቱን እንጃ።» ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ለዚያ ቀን ድምፄ ግን ቀኝ ጆሯቸው በቅቶ ነበር። የጮህኩት እኔ መሆኔን ያውቃሉ። የጆሯቸውን ነገር ከእኛ ቤት በቀር የሚያውቅ የለም፤ እንዴት አያውቁ።

ስለ ጩኸቱ አንድ ነገር አላነሡም። የወንድምሽ ምት ቆንጆ ነበረች አሉኝ። አምና ቢሆን ደግመው ያስመቱት ነበር፤ አዲሱን ደንብ እሳቸውም አልወደዱትም። ግን ደንብ ሆኗል፣ ፊሽካ የያዘ ሰው የሚወደውን ብቻ መንፋት አይችልም አሉ። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም።

ከዚያ ከሜዳው ዳር ወደሚግጡት ላሞች ጠቆሙ። «አየሻቸው? እኔ ድሮም በጆሮ አልጠብቅም። አውሮፕላን ገና ከተራራው ወዲያ ሳለ ሁሉም ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ያነሣሉ። ነጫጭ ወፎቹም ከጀርባቸው ይነሣሉ። አራት ዓመት አንድ ቀን አልዋሹኝም። ታደሰ ኳሷን ሲመታ እኔ የማየው ላሞቹን ነበር።» ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩ። «ይሄን ለወርቄም አልነገርኳት» አሉ።

ለምን ለእኔ? ለእኔ እንዴት? ቅርጫቱን አስቀምጬ ሮጥኩ። ባዶ ቅርጫቱን እንኳ ይዤ አልተመለስኩም።

አሁን እንሰቱ ሥር ነኝ። አስቴር በአጥር በኩል አልፋ ሄደች፤ ነገ የምትለውን በወረቀት ይዛ በቃል ታጠናለች። ያላደረገችውን ታጠናለች።

ሁለት ነገር አስቤአለሁ። ስጽፈው እንዳልሸሽ ነው የምጽፈው።

ነገ 3 ሰዓት ላይ አዳራሹ ሲሞላ፣ የአስቴር ስም ሳይጠራ እነሣለሁ። እኔ ነኝ የሰደብኩት፣ በአደራ የተነገረኝን ነው የጮህኩት፣ ሁላችንም ሳንሰማ አውሮፕላኑን ያወቁት እሳቸው ናቸው እላለሁ። ድምፄ ከጠፋ ወደ ፊት ሄጄ እላለሁ። ጸሐፊው ይጻፈው።

የላሞቹን ነገር ግን አልናገርም። ቢጠቅማቸውም እንኳ፣ መነገር ካለበት እሳቸው ይናገሩት። እሳቸውን ግን ስብሰባው ሳይጀመር፣ በቀኛቸው በኩል ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።