እየሞላሽ መንዳት ነው

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ነሐሴ 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለረሺድ

አሰላሙ ዐለይኩም። እዚያ ደቡብ አፍሪካ ጤናህ እንዴት ነው? እኔና ልጆቹ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለን። ረይሐና ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው።

አስቀድሜ ስለ መኪናው ልንገርህ፤ አንተም ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው። ከሄድክ ወዲህ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻል ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። የቆመበት መሬት ሁሉ ይጠቁራል። መካኒኩ ሀይሌ ዘይት የሚይዘውን ጎማ ቀየረው፤ ደግሞ አፈሰሰ።

«ሰኪና፣ ዘንጉ ራሱ ተበልቷል» አለኝ። «አዲስ ጎማ ባስገባበትም ያፈሳል። ሙሉው ካልተቀየረ መላ የለውም።»

«እስኪቀየርስ?»

«እስኪቀየርማ እየሞላሽ መንዳት ነው።»

እኔም ሞላሁ። የቀጠርኩት ሾፌር ይፍሩ አሳየኝ። የሱቃችንን ጨው ጭነን ወደ ካምባ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ማዳበሪያ አንጥፌ ሥሩ እገባለሁ፤ የጎኑን ቡሎን ፈትቼ ጣቴን እሰዳለሁ። ዘይቱ ጣቴን ካልነካ ሞልቶ እስኪተርፍ እጨምራለሁ። ጎረቤቶች መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ኋላ ለመዱት። ሽታው ግን ከቀሚሴ አይለቅም። ረይሐና «እማ፣ መኪና መኪና ትሸቻለሽ» ትለኛለች።

ሐምሌ ላይ ከካምባ ልንመለስ ስንል ለካሁት፤ ባዶ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው። በጭቃው ሲታገል አፍስሶት ኖሯል። የያዝነውን ጨመርን፣ አልበቃም። ካምባ ውስጥ ብንፈልግ የዲፈረንሻል ዘይት ጠፋ። እዚያው አድረን ከአርባ ምንጭ ልናስመጣ ወሰንን። እንዲህ እያልን ሳለ፣ ጨው የሚወስዱብን አቶ ገብረ ማርያም ትንሿን ልጃቸውን ታቅፈው መጡ። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ሰኪና ልጄ፣ ሌላ መኪና የለም» አሉኝ።

ይፍሩ አየኝ። «ንዳ» አልኩት።

ቁልቁለቱ ላይ ከኋላችን መጀመሪያ አፏጨ፤ ቀጥሎ ያጓራ ጀመር። እየቆምን፣ እስኪቀዘቅዝ እየጠበቅን፣ ለሞተሩ የያዝነውን ዘይት ሳይቀር ሞላንበት። በመጨረሻ አንድ ነገር ውስጡ ተሰበረ፤ የኋላ ጎማዎቹ አልዞር አሉ። አቶ ገብረ ማርያም ልጃቸውን እንደታቀፉ በዝናቡ ወደፊት ሄዱ። ይፍሩን መኪናው ጋ ትቼ እኔም ተከተልኳቸው። ብዙ ከሄድን በኋላ የጭነት መኪና ደርሶ አነሳን።

ልጅቷ ሆስፒታል ገባች፤ ተረፈች። አባቷ ቤታችን ድረስ መጥተው መረቁኝ። አሜን አልኩ፤ ደስታው ግን አልመጣልኝም።

መኪናው ተጎትቶ መጥቶ ሀይሌ ግቢ ቆሟል። ከፍቶ ሲያሳየኝ የብረት ጥርሶቹ ፍርፋሪ ዘይቱ ውስጥ ተቀምጧል። «በቁሙ አይሸጥም፤ ፈታተሽ ሽጪው» አለኝ። ይፍሩ ሌላ ሥራ ያዘ። የሱቁ መደርደሪያም ባዶ ነው።

ረሺድ፣ ከግንቦት ጀምሮ እደውልልሃለሁ፤ አይነሳም። እዚያ የመጤዎች ሱቅ መቃጠሉን በሬዲዮ ሰምተናል። ከአንተ ሰፈር አምልጦ የመጣ ሰው ለወንድምህ ለሙስጠፋ የነገረው ነገር አለ። ሙስጠፋ ሊነግረኝ ሲጀምር ጨርሼ አልሰማሁትም፤ ተነስቼ ወጣሁ። አሁን «አርብ ከጁምዓ በኋላ የሩቅ ሟች ሶላት እንስገድለት» ይላል። እሺም፣ እምቢም አላልኩት። ዛሬ ሰዎች መጥተው ድንኳኑ የት እንደሚተከል ግቢውን ሲያዩ ዋሉ። እኔ ውስጥ ሆኜ ይህን እጽፋለሁ።

ከአርብ በኋላ ለአንተ ደብዳቤ ብጽፍ አብዳለች ይሉኛል። ስለዚህ አሁን ጻፍኩ።

እዚያ ነሐሴ ብርድ ነው አሉ፤ ደርበህ ተኛ። አላህ ባለህበት በእዝነቱ ያኑርህ። ከቻልክ እስከ ሐሙስ ደውል፤ ስልኩን ከእጄ አልለየውም።

ባለቤትህ
ሰኪና