በዘመን መለወጫ የተቀደዱት ዘጠኝ ሰዎች

መጋቢት 4
ዛሬ በቀዶ ጥገና ክፍላችን ሦስት ጉበት ቀደድን። ምሳ ቀዝቃዛ ኑድል፣ ያውም ቆሜ። ኃላፊያችን ዶክተር ሜንግ ጠሩኝ። «ዋንሮንግ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ጥናታችን ታተመ።» ጥናታችን? ስሜ ከአራቱ ጸሐፊዎች ሦስተኛ ላይ ሰፍሯል። «ለእድገትሽ ብዬ ነው። እኔ ካልገፋሁሽ ማን ይገፋሻል?» አመሰገንኩ። ቢላ መያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው... ግን መቼ አጠናሁ?

መጋቢት 6
አነበብኩት። የደም ማቆሚያውን መድኃኒት እጥፍ ብንሰጥ ጉዳት የለውም ይላል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በሽተኞች፣ ሁሉም ከኛው ክፍል። እኔ ሳላያቸው? ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም እጥፍ እንዲሰጥ ታዟል። ነርስ ታን «አልበዛም ዶክተር?» አለችኝ። ጥናት አለ አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው።

መጋቢት 7
ጥናቱ ላይ የሰፈሩትን የቀዶ ጥገና ቀኖች አየሁ። ዘጠኝ ሰው በአምናው የቻይና ዘመን መለወጫ ዋዜማና ማግስት ተቀዷል፣ ያውም በቀጠሮ! ዓመቱን በቢላ የሚጀምር ማን አለ? በዚያ ሳምንት የሚራመድ ሁሉ ወደ ቤቱ ነው። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ክፍሉ ባዶ ሆኖብን ከነርሶቹ ጋር ዱቄት አቡክተን ስጋ ስንጠቀልል ዋልን።

መጋቢት 9
መዝገብ ቤት ሄጄ ሠራተኛዋን ሩዋንን የዘጠኙን ፋይል ጠየቅኳት። ሳቀች። «እህቴ፣ የምን ፋይል? ጥናቱ እኮ ከሚሸጡት ተገዝቶ፣ ተጽፎ የመጣ ነው። ቀኑን ሙሉ እየቀደደ ማን ቁጭ ብሎ ይጻፍ? ሁሉም እንደዚያ ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያንቺም ስም አለበት እኮ፤ ዝም በይ።»
ሜንግ ስሜን ያስገቡት ለውለታ ነው ወይስ አፌን ለመዝጋት? ፈገግታቸው ሁሉ አላማረኝም።

መጋቢት 12
የቀደድናቸው ሽማግሌ የአቶ ሆው እግር አብጦ አደረ። ደም ረግቶባቸዋል። እጥፉን ሲወስዱ ነበር። ልጃቸው «ትናንት ደህና ነበሩ እኮ፣ ዶክተር!» አለች። ያጋጥማል አልኳት። ዋሸሁ።
መድኃኒቱን በገዛ እጄ አስቆምኩ። ሜንግ መጡ።
«ማን ፈቀደልሽ?»
«መምህር፣ የበዓሉን ዘጠኝ ሰዎች ማን ቀደዳቸው?»
የሻይ ፔርሙሳቸውን ክዳን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። «ምን ጎደለብሽ? ስምሽን አስገባሁልሽ።»
«እሱን ነው ያጎደፉብኝ።»

መጋቢት 13
ጥናቱን ላተመው መጽሔት፣ ዘጠኙ ሰዎች እንዳልነበሩ ጻፍኩ። ስሜን ፈርሜ።

ሰኔ 2
ጥናቱ ተሰርዟል የሚለው ማስታወቂያ ወጣ። የአራታችንም ስም ተዘርዝሯል። ማን እንደጠቆመ አይልም። አምስት ዓመት እድገት የለም፣ ለአራታችንም። ሜንግ ኮሪደር ላይ አይተውኝ ፊታቸውን አዞሩ። ከፋኝ፤ ሳልወድ ዓይኔ እንባ ሞላ።
ከሰዓት አቶ ሆው እያነከሱ ለክትትል መጡ። ልጃቸው ማስታወቂያው የሚታይበትን ስልኳን ዘረጋችልኝ።
«ይሄ የእርስዎ ስም አይደለም?»
«የኔ ነው።»
«አባቴ ላይ ያደረጋችሁት ይሄንን ነው?»
ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ ልላት ምላሴ ላይ ደረሰ። ለመጽሔቱ እውነቱን ነገርኩ፣ እሷን ግን ከሁለት ወር በላይ ምን አልኳት?
«አዎ» አልኳት። «መድኃኒቱ ነው። ያን ቀን ዋሽቼሻለሁ።»
«ሁለተኛ እጅሽን እንዳታሳርፊባቸው!»
አባቷን ደግፋ የሌላው ሐኪም የዶክተር ፓንግ ወረፋ ላይ አሰለፈቻቸው። ወረፋው ረጅም ነበር። እኔ ጋ ማንም አልነበረም።