ጣሪያችንን ለአሥራ አንድ አገር ስለማበደራችን

ለተከበሩ አቶ ሚኬሊስ ሳውሊቲስ
የዴቪኑፔ የብድር ገበያ መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሪጋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ እጠይቃለሁ። በኢማንታ ሰፈር የምንገኝ የአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ነዋሪዎች፣ ሰባ ሁለት ቤተሰቦች፣ ጤናዎን አጥብቀን እንመኛለን። ፍርድ ቤት በሚጠራዎት ዕለት ሐኪም ቤት ተኝተዋል የሚል ወረቀት ቀድሞዎት እንዳይመጣ ስለምንሰጋ፣ ምኞታችን ከልብ መሆኑን ለአፍታም አይጠራጠሩ።

ስሜ ታሊቫልዲስ ስኩድራ ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመት አሳንሰር ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብለው የሕንፃው ተጠሪ አድርገው መረጡኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎት ውለታዎ በሁለታችን መካከል ተደብቆ እንዳይቀር ነው።

አንደኛ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለጣሪያ እድሳት ያዋጣነው ሃያ አራት ሺህ ስድስት መቶ ዩሮ ባንክ ተቀምጦ ምንም ሳይወልድ ሲያረጅ፣ እርስዎ በድረ ገጽዎ ላይ ብልህ ሰው ገንዘቡን አሰባጥሮ እንደሚያበድር፣ ለአንድ ሰው ብዙ ከማበደር ለብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ማበደር እንደሚሻል አስረዱኝ። እኔም አሥር አሥር ዩሮ እየቆራረስኩ በሁለት ሺህ አራት መቶ ስድሳ ብድሮች ላይ በተንኩት። ጠዋት ጠዋት ገንፎዬን እየበላሁ ማን ምን እንደተበደረ አነብ ነበር፤ ካዛክስታን ውስጥ ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሾፌር፣ እስፔን ውስጥ ጥርሷን የምታሳክም አስተማሪ፣ ኬንያ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና የምትፈልግ እናት። አሥራ አንድ አገር፣ ብድሩን እዚያው ሰጥተው በገበያዎ የሚሸጡልን አሥራ አንድ አበዳሪ ኩባንያ። ፓስፖርት ሳላወጣ ዓለምን ዞርኩ ማለት እችላለሁ።

ለጎረቤቶቼም ነገሩን በሙያዬ ነበር ያስረዳኋቸው። አሳንሰር በአንድ ገመድ አይንጠለጠልም፤ አምስትና ስድስት ገመድ አለው፣ አንዱ ቢበጠስ የቀሩት ይይዙታል፤ እኛ ደግሞ በሺህ ገመድ ልንንጠለጠል ነው አልኳቸው። አርባ ስምንት እጅ ወጣልኝ። ገመዶቹ ከላይ ምን ላይ እንደታሰሩ ግን ወጥቼ አላየሁም። በሠላሳ አራት ዓመት የሥራ ዘመኔ አንድም ቀን ሳላይ ያልቀረሁትን ነገር ያን ዕለት አላየሁም፤ በዚህ በራሴ አፍራለሁ፣ ለእርስዎ የሚደርሰው እፍረት ከተረፈኝ እልክልዎታለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ዋስትናዎ። ተበዳሪው ስድሳ ቀን ቢዘገይ አበዳሪው ኩባንያ ብድሩን ከነወለዱ መልሶ ይገዛዋል ብለው ቃል ገብተው ነበር። እውነትም አምስት ወር ሙሉ ማንም ዘገየ ማን ገንዘባችን ከነልጆቹ ይመለስ ነበር። ዓርብ ዓርብ የሳምንቱን ትርፍ ጽፌ አሳንሰሩ አጠገብ እለጥፋለሁ፤ ሰላምታ የማይሰጡኝ ሁሉ ኮፍያቸውን ማንሣት ጀመሩ። ያልተሸነፉልኝ ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖሩት የሰማንያ አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ሚርድዛ ብቻ ነበሩ። በስብሰባው ላይ እጃቸውን ለተቃውሞ አውጥተው፣ «ታሊቫልዲስ፣ የእስፔንን ጥርስ ከምታሳክም የእኔን ኮርኒስ ብታይልኝ ምን አለ?» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን በለጠፍኩ ቁጥር ግን መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው መስመር ያነቡ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥበቃዎ። በሐምሌ ለጣሪያ ሠራተኞቹ ቀብድ የምንከፍልበት ቀን ደርሶ ገንዘቤን ብጠይቅ፣ ለባለ ገንዘቦች ደኅንነት ሲባል ክፍያ ለጊዜው መቆሙን በትሕትና አሳወቁኝ። ገንዘቤን ከሌባ የሚጠብቅልኝ አይቼ አውቃለሁ፤ ከእኔ ከራሴ የጠበቀልኝ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ጣሪያ ሠሪዎቹ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄዱ። በመስከረም ዝናብ ወይዘሮ ሚርድዛ መኝታ ቤት ውስጥ አምስት ባልዲ ደርድረው አልጋቸውን ወደ ወጥ ቤት ገፉት። ባልዲውን የማፈስላቸው እኔ ነኝ፤ በየቀኑም፣ «ዛሬስ ካዛክስታን ምን አለች?» እያሉ ይጠይቁኛል።

አራተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ስልክዎ ሁለት ወር ሙሉ አልነሣ ቢልም፣ የቀን መቁጠሪያችን የሚኬሊስ ስም የሚከበርበትን ቀን ስላልደበቀብኝ እግዜር ይስጠው። እርስዎም እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ለስም ቀን ጥሪ አይጠበቅም፤ አበባ ይዞ የመጣ ሁሉ ይገባል፣ ማንም ከበር አይመለስም። እኔም ስምንት አበባ ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ ጨዋ ልጅ ናት፤ በዓይኗ ቆጠረቻቸውና ቀላ ብላ፣ «አባባ፣ ተሳስተው ነው መሰለኝ፤ ጥንድ ቁጥር እኮ ለመቃብር ነው» ብላ አንዷን መዝዛ በራሷ ብርጭቆ ውስጥ አደረገቻት። አለመሳሳቴን ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ዓይኗን ሳየው ግን ተውኩት።

ከዚያ የእስፔኑን ኩባንያ ኃላፊ ለማነጋገር ማድሪድ ድረስ መሄድ ይኖርብኝ እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ምን ማድሪድ ያስኬድዎታል፣ እስፔን እኮ ውስጥ ኬክ እየቆረጠ ነው» አለችኝ። ገባሁ። በኮሪደሩ አሥራ አንድ በር፣ በየበሩ የአንድ አገር ኩባንያ ስም፣ ለሁሉም አንድ የሻይ ማፍያ። አዳራሹ ውስጥ አንዱ፣ «ሞልዶቫ! ሌላ ቢላ ይዘሽ ነይ እንጂ፣ ካዛክስታን ብቻውን ጨረሰው እኮ!» ብሎ ሲጮህ፣ ክራቫቱ ላይ ክሬም የተንጠባጠበበት ወፍራም ሰው ደግሞ፣ «ምን ላድርግ፣ ኬንያ ፈቃድ ላይ ናት፤ የእሷንም ድርሻ እኔ ነኝ የምበላው!» ብሎ መለሰለት። ሁሉም ሳቀ። ሁሉም የእኛው የሪጋ ልጆች ነበሩ፣ ሁሉም ደመወዛቸውን ከእርስዎ እጅ የሚቀበሉ። ከአሥራ አንድ አገር የተሰጠኝ ዋስትናም በገበታው ራስ ላይ ተቀምጦ ጣቱን ይልስ ነበር።

እጅዎን ጨብጬ እንኳን አደረሰዎት አልኩዎት። ከየትኛው ክፍል እንደሆንኩ ቢጠይቁኝ ከጣሪያው አልኩዎት። የጥገና ሠራተኛ መስዬዎት ኖሮ፣ «ጣሪያው ደኅና ነው፣ የሚያስቸግረን አሳንሰሩ ነው» ብለው አንድ ቁራሽ ኬክ በወረቀት አድርገው ሰጡኝ። ኬኩ ጥሩ ነበር፤ ከዴቪኑፔ እስከ ዛሬ ያገኘሁት ተመላሽ እሱ ብቻ ስለሆነ ደረሰኝ ቢያስፈልግዎት እፈርምልዎታለሁ።

አምስተኛው ምስጋናዬ አጭር ነው። ድርጅትዎ ከስሮ ገንዘብ ጠያቂዎች በሙሉ የተመዘገቡበት ዝርዝር ባለፈው ሳምንት በፖስታ ደረሰኝ። የሕንፃችንን ስም ስፈልግ ከሱ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ የወይዘሮ ሚርድዛን ስም አገኘሁት፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዩሮ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ወጣሁ። እዚህ አገር አረጋዊ ሁሉ እንደሚያደርገው ለቀብራቸው ያስቀመጡት ገንዘብ ነበር፤ ሣጥኑ፣ ቄሱ፣ ከመቃብር ለሚመለሰው ሰው የሚቀርበው ምግብ ሳይቀር የታሰበበት። የዓርብ ወረቀቴን ሲያነቡ ከርመው በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራዋን ሴት ቅጹን አስሞልተው ዴቪኑፔ አስገቡት። እንጉዳይ የለቀሙበትን ቦታ ለጎረቤት እንደማይናገሩ ሁሉ ይህንንም ለማንም አልተናገሩም። ሐምሌም፣ ነሐሴም፣ መስከረምም ባልዲ እያቀበሉ በጋራ ጣሪያችን ሲሰድቡኝ ስለ ራሳቸው ገንዘብ አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ለምን አልነገሩኝም ብላቸው፣ «ምን ብዬ ልንገርህ? በሰው ፊት ተቃውሜህ በጓሮ ሰማሁህ ልበል? ደግሞ አንተ በጣሪያው ብቻ እንቅልፍ አጥተህ የለ፤ ምን ልጨምርብህ» አሉኝ። እኔ የስድሳ ሰባት ዓመት ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ክቡርነትዎ፣ ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑ አይደለም፤ በዝርዝሩ ላይ ቁጥር ሆነው ካለፉት አራት ሺህ ሰዎች የአንዷን ስም ቢያንስ አንድ ጊዜ አፍዎ እንዲጠራው ነው። ሚርድዛ ይባላሉ።

ላሳዩኝ ትምህርት፣ ጥበቃና ኬክ ባለ ዕዳ ሆኜ፣ ለከፍተኛ ጥበብዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በአሥራ አንዱም አገሮችዎ ሰላምና ጤና እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

የእርስዎ አክባሪና በግድ ታጋሽ፣
ታሊቫልዲስ ስኩድራ
የሕንፃው ተጠሪ፣ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ ሚርድዛ ከሰኞ ጀምሮ በሳንባ ምች ሐኪም ቤት ተኝተዋል፤ ባልዲውንም የሚያቀብለኝ የለም። ይህን ደብዳቤ አልጋቸው አጠገብ ሆኜ ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው ሲያበቁ፣ አንዲት ጥያቄ እንድጨምርላቸው ለመኑኝ። ባለቤታቸው አጠገብ የያዙት የመቃብር ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የቀብራቸው ገንዘብ ደግሞ እርስዎ እንዳሉት በደንብ ስለተሰባጠረ፣ የትኛውን አካላቸውን በየትኛው አገር እንደሚቀብሩላቸው እባክዎ በፍጥነት ያሳውቋቸው።