ሮቦቱ ያላለው ቃል

ውድ ልጄ ትርሲት፣

ግራ እግሬን ያሰነፈው ደም ግፊት ነው። እንዳልነሳ ያደረግሽኝ ግን አንቺ ነሽ። ፊደል የቆጠርሁት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሺኝ፤ ይህን ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አፍሬ ነው።

የወደቅሁ ቀን የአርብ ገበያ ሰው በቃሬዛ እየተፈራረቀ እስከ መኪናው አደረሰኝ። ዳገቱን ታውቂዋለሽ። ላባቸው ፊቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በአገራችን በጋይንት በሽተኛ ተሸክሞ «ከበደኝ» አይባልም፤ የሚከብድ ሬሳ ነው። እኔ «ከበድኳችሁ?» እላለሁ፤ እነሱ «ኧረ ላባ ነዎት!» ይሉኛል።

አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወስደሽኝ ያን የሚያራምድ ሮቦት እግሬ ላይ ሲያስሩት ፈራሁ። ከወገቤ ይዞ አቆመኝ፤ ጉልበቴን እያጠፈ አራመደኝ። ለምዶብኝ «ከበድሁህ፣ ልጄ?» ብዬ ብጠይቀው ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ባለሙያው ደምሌ «እማማ፣ እሱ አይደክመውም፤ መብራት ካልጠፋ» አለኝ። አንቺም ሳቅሽ፣ እኔም ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ አላሳፈረኝም። የማይደክም ሲያነሳሽ ይሉኝታ የለም። መረቅሁትም፤ አሜን የሚል ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት መብራቱ ጠፋ። ሮቦቱ እንደቆምሁ ቀጥ አለ። ደምሌ ማሰሪያውን ሲፈታ አንቺ በብብቴ ገብተሽ ያዝሽኝ። ስንት ዓመት እንዲያ አልተቃቀፍንም! አንገትሽን ይዤ ላለቅስ ስል፣

«ወይኔ ወገቤ! ከበድሽኝ እኮ እማዬ፤ ማሽኑ ይሻላል» አልሽ።

ደምሌ ምንም አልመሰለውም፤ የከተማ ሰው ነው። አንቺ ግን የጋይንት ልጅ ነሽ።

ወደ ቤቴ ከተመለስሁ ወዲህ ጎረቤታችን አስካለ በየጠዋቱ ልታቆመኝ ትመጣለች። በየቀኑ ካልቆምሁ እግሬ እንደሚሞት ሐኪሙ ነግሮናል። እጇን ስትዘረጋ ያንቺን ቃል ከአፏ እጠብቃለሁ።

«ዛሬ አሞኛል» እላታለሁ።

«ትናንትም አሞዎት ነበር። ይነሱ እንጂ! ከወንዝ እንስራ ሙሉ ውሃ የማወጣ ሴት እርስዎ ያቅቱኛል?»

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ወደ ደጅ ውሰዱኝ እንዳልል ውሃ መጠጣት ቀንሻለሁ። እግሬ እየቀዘቀዘ ነው፣ ትርሲት።

ባለፈው ስትደውዪ «መጣሁ» የምትዪኝ መስሎኝ ነበር። «ወደ ማሽኑ ልመልስሽ?» አልሽኝ። ማሽኑን አልጠላሁትም። ካንቺ የጠበቅሁት ግን እሱን አልነበረም።

ነገ አስካለ ስትመጣ እግዜር ይስጥሽ ብዬ እመልሳታለሁ። ከእንግዲህ አንሺኝ አልልም፤ አንቺንም፣ ማንንም።

እናትሽ አልጣሽ