ያልተገደበው ኢንተርኔት ደብረ ወርቅ ሲደርስ ስለማለቁ

ይድረስ ለብርሃነ መንገድ የመኪና ኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎና ስልካችን እየጠራ በሙዚቃ ለሚያስተናግዱን ሠራተኞችዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የደም ግፊቴን የምትለካልኝ ባለቤቴ ሞጣ፣ እኔ ደግሞ ቢቸና ስለሆንን ግን ስለ እሱ እርግጠኛውን ልነግርዎ አልችልም።

ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርሁት ባለፈው ሳምንት በላኩልኝ አጭር መልእክት ምክንያት ነው። መልእክቱ በመኪናዬ ላይ የተገጠመልኝ ኢንተርኔት የመጀመሪያ ወር ማለቁን ገልጾ፣ ከፍዬ ለመቀጠል ከፈለግሁ 1ን፣ ካልፈለግሁ 2ን እንድልክ ያዝዘኛል። ይህን ያህል ከባድ ጉዳይ በአንዲት ቁጥር መመለስ እርስዎን አለማክበር መስሎ ስለታየኝ፣ አሳቤን ዘርዘር አድርጌ ለማቅረብ ፈቃድዎን እለምናለሁ።

እኔ ቢቸና ውስጥ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ብሩክታይት አዋላጅ ነርስ ስትሆን የተመደበችው ሞጣ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በአሮጌዋ መኪናዬ ዓርብ እየሄድሁ እሑድ እመለሳለሁ። ዘንድሮ ወደ ሞጣ የምዛወርበት ዕድል ተገኘ፤ ማመልከቻው የሚላከው በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን፣ መዝጊያው ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። አብሮ መላክ ያለበት የባለቤቴ የሥራ ቦታ ማረጋገጫ ደብዳቤ ደግሞ፣ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ሰንብተው ስለነበር፣ የታተመው ያንኑ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እኔም ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሞጣ ሄጄ ተቀበልሁ። በዚያ ቀን ከሞጣ እስከ ቢቸና በእጅ ስልክ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ ሲደናገጥ እኔ ግን «መንገድ ላይ ቆም ብዬ እልከዋለሁ» በማለት ኮራ ብዬ መኪናዬን አስነሣሁ፤ «ሌላው በጠፋበት ሁሉ ይሠራል» የተባለው መሣሪያዎ አብሮኝ ነበራ!

አንደኛ፦ የመኪናዬን መስታወት ስላስዋበው ጽሑፍ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ መሣሪያውን ሲገጥም፣ እኔን ሳይጠይቅ «እዚህ መኪና ውስጥ ያልተገደበ ኢንተርኔት አለ» የሚል ወረቀት ለጥፎብኝ ነበር። ክቡርነትዎ በእኛ መንገድ ተጉዘው ከሆነ እንደሚያውቁት፣ ባዶ ወንበር ይዞ ዳር የቆመ ሽማግሌን ያለፈ ሰው በማግሥቱ ገበያ ወጥቶ ሰው ዓይን ማየት አይችልም። ስለዚህ ሦስት ሰው አሳፈርሁ፤ ደብረ ወርቅ ቅኔ የሚያስተምሩትን የኔታ ገብረ ማርያምን፣ ቅቤ ነጋዴዋን ወይዘሮ ፋንታነሽንና ባየ የሚባል የግብርና ባለሙያ። ወይዘሮ ፋንታነሽ ገና ቁጭ ከማለታቸው፣ «መምህር፣ እባክዎ የዚህችን ነገር ቁልፏን ይንገሩኝ፤ የልጄን ፊት ካየሁ ሁለት ክረምት አለፈኝ» አሉኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ላደገ ሰው፣ የይለፍ ቃል መከልከል እንዴት ይሆንለታል? ነገርኋቸው። ባየም ሰምቶ ከስልኩ ላይ አስገባ።

እዚህ ላይ ያለ ምንም ቧልት ላመስግንዎ፤ መሣሪያዎ ሠርቷል። ወይዘሮ ፋንታነሽ ድሬዳዋ ያለ ልጃቸውን እያዩ አለቀሱ፣ ሳቁ፣ «ምነው ከሳህ፣ ማን ያበስልልሃል?» ብለው ተቆጡት፣ ምራታቸውንም አስጠርተው መረቁ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ጉንደ ወይንን አልፈን ነበር። የባየ ስልክ በበኩሉ ዓመት ሙሉ ያመለጠውን ማሻሻያ ሁሉ ለባለቤቱ ሳይነግር ይጭን ነበር። የኔታ ስልክ የላቸውም፤ ቢሆንም «ስልክ የሌለውስ አብሮ በመቀመጡ ብቻ ትንሽ ይደርሰው ይሆን?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ድርጅትዎ ቢያስብበት መልካም ነው።

ሁለተኛ፦ የአማርኛ ዕውቀቴን ስላሰፉልኝ አመሰግናለሁ። ማመልከቻውን ሞልቶ ለመላክ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ደቀ መዛሙርት የሚጠብቋቸውን አባት መንገድ ዳር አስቀምጦ ስልክ መነካካት ነውር ስለሆነ፣ የኔታን ደብረ ወርቅ ካደረስሁ በኋላ እልካለሁ ብዬ ወሰንሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በእርስዎ አላመካኝም። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ድረ ገጹን ስከፍት ግን «የወሩ መጠንዎ አልቋል» የሚል መጣልኝ። የውሉን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቼ ብመረምር፣ ከጀርባው በቅማል እንቁላል ፊደል «ያልተገደበ ማለት እስከ ወርኃዊው ገደብ ድረስ ነው» ተብሎ ተጽፏል። የኔታ ከረጢታቸውን አንሥተው እየወረዱ፣ «ልጄ፣ ያልተገደበ ነው አላልኸኝም? ያልተገደበስ የእግዚአብሔር ቸርነት ብቻ ነው» አሉኝ። በዚያ ሰዓት መሳቅ አልቻልሁም።

ሦስተኛ፦ ተጨማሪ ኢንተርኔት ለመግዛት የድርጅትዎን ድረ ገጽ መጎብኘት ያስፈልጋል፤ ድረ ገጹን ለመጎብኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ይህን ሥርዓት የነደፈልዎትን ባለሙያ ከመሥሪያ ቤትዎ እንዳይለቅ አደራ እላለሁ። ደግነቱ ስልክ መደወል ይቻል ነበርና ደወልሁ። ሞተር ከጠፋ መሣሪያውም ስለሚጠፋ፣ ሁለት ቀን ተሰልፌ የቀዳሁትን ቤንዚን እያቃጠልሁ አርባ ደቂቃ ሙዚቃዎን አደመጥሁ። በመጨረሻ አንዲት ጨዋ ልጅ አንሥታ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደሚስተካከል ነገረችኝ። ወይዘሮ ፋንታነሽ ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ፣ «እኔ ነኝ የበላሁብዎት፤ እኔ ነኝ» እያሉ ነጠላቸውን በአፋቸው ያዙ። እርሳቸው እንዳልሆኑ ማልሁላቸው። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ለአፍታ በልቤ ተቆጥቻቸው ነበር፤ በሁለት ክረምት አንድ ጊዜ ልጇን ባየች እናት ላይ እንድቆጣ ስላደረጉኝ ከሁሉ በላይ የማዝንብዎት በዚህ ነው።

ቢቸና ስገባ አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የመሣሪያው መብራት ቀይ እንደሆነ ሰዓቱ አለፈ። ልጅቷ ቃሏን አክብራ፣ ልክ በሁለት ሰዓቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ድረ ገጹን ብከፍት «የዘንድሮው ምዝገባ ተዘግቷል» አለኝ። ብሩክታይት ደውላ «ላክኸው?» ስትለኝ የሆነውን ነገርኋት። እሷም «በቃ ተወው፤ እራትህን ብላ» አለችኝ። እኔ ግን ተናደድሁ፣ አፈርሁም።

አራተኛና አምስተኛም ነበረኝ፤ ሆኖም ጊዜዎን ላለመሻማት ወደ ውሳኔዬ ልሂድ። ኢንተርኔቱ ደግ ነገር መሆኑን አልክድም፤ የወይዘሮ ፋንታነሽን ፊት ያየ ሰው አይክድም። ነገር ግን የወር ክፍያዎ አንድ ጊዜ ሞጣ ደርሶ መልስ የሚያስኬድ ቤንዚን ይገዛል፤ ባለቤቴ ዘንድ የሚያደርሰኝም ቤንዚኑ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ በታላቅ አክብሮት 2ን ልኬልዎት ነበር። «አገልግሎቱን ለማቋረጥ ድረ ገጻችንን ይጎብኙ» የሚል መልስ ስለደረሰኝ፣ እነሆ በወረቀት አቋርጫለሁ።

በመንገድ ያለውን ሁሉ በብርሃን የሚመራ አምላክ ድርጅትዎን እስከ ገደቡ ድረስ ያለ ገደብ እንዲባርክልዎ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አካለ ወልድ ሣህለ ማርያም
ከቢቸና

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ብሩክታይት፣ ሞጣ (ዓርብ በእጅ የሚደርስ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤዬን ፈርሜ ሳበቃ «አገልግሎታችንን ለቤተሰብዎ ምን ያህል ይመክራሉ? ከ1 እስከ 10 ይምረጡ» የሚል መጠይቅዎ ደረሰኝ። ቤተሰቤን ማማከር ስለሚገባ፣ ዓርብ ሞጣ ስደርስ እናቷ ዘንድ ያለችውን የአራት ዓመት ልጄን ንጋትን ጠየቅኋት። እስከ አሥር መቁጠር ትችላለች፤ ነገር ግን የመለሰችልኝ በጥያቄ ነው፦ «አባዬ፣ እሑድ ትሄዳለህ?» ከአሥሩ ቁጥሮችዎ የትኛው ለዚህ መልስ እንደሚሆን ቢጽፉልኝ፣ ለእሷ እነግራታለሁ።